ያለ ማስፈራራት፦ ኪራን ማርቲን የብሪታንያን የሳይበር ደህንነት የመሩበት መንገድ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት «የሳይበር ደህንነት ግንዛቤ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባነር መስቀል፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠትና «የማታውቁትን ሊንክ አትጫኑ» ብሎ ማሳሰብ ነው። ሠራተኛው ፈርሞ ይወጣል። በሳምንቱ ከገንዘብ ሚኒስቴር የተላከ የሚመስል ኢሜይል ይደርሰዋል፤ ይከፍተዋል፤ ጥፋቱም የእሱ ይሆናል። ከ2014 እስከ 2020 የብሪታንያን የሳይበር ደህንነት ሥራ የመሩት ኪራን ማርቲን ያመጡት ለውጥ የሚጀምረው ሌላ ጥያቄ ከማስቀደም ነው፦ ያ ኢሜይል ሠራተኛው ዘንድ እንዴት ሊደርስ ቻለ? ለጥያቄው የሰጡት መልስ በቁጥር የሚለካ በመሆኑ የሥራ ዘመናቸው ለማንኛውም አገር የመንግሥት ቴክኖሎጂ ኃላፊ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ ለይቻለሁ።

ማርቲን የኮምፒውተር ሰው አይደሉም። ሰሜን አየርላንድ፣ ኦማ ከተማ አድገው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጠኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በሲቪል ሰርቪስ ነው ያለፈው፦ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም የካቢኔ ጽሕፈት ቤት። እዚያ የካቢኔው ዋና ጸሐፊ የቅርብ ረዳት፣ ከዚያ የጸጥታና የስለላ ጉዳዮች ዳይሬክተር፣ ከዚያም የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ዳይሬክተር ሆኑ። ለስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ መንገድ የከፈተውን የ2012 የኤዲንብራ ስምምነት ከለንደን ወገን በባለሙያ ደረጃ ከተደራደሩት ዋነኛው ናቸው። በ2014 መጀመሪያ ጂሲኤችኪው ወደሚባለው የስለላ ድርጅት ተዛውረው የሳይበር ደህንነቱን ክፍል ያዙ።

«የቴክኖሎጂ ኃላፊ ኢንጂነር ካልሆነ አይሆንም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። በመንግሥት ውስጥ ከዚህ ሥራ አብዛኛው በጀት ማስፈቀድ፣ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ማስለየትና «አያገባችሁም» የሚሉ መሥሪያ ቤቶችን አሳምኖ ማስገባት ነው። ይህን ማርቲን ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። የቴክኒኩን ጉዳይ ግን የያዙት ቴክኒካል ዳይሬክተሩ ዶክተር ኢያን ሌቪ ነበሩ። ሌቪ በራሳቸው ስም ይጽፉ ነበር፤ ረጅም ቴክኒካዊ ጽሑፍ፣ ከነቁጥሩ። የሚያዋጣው አደረጃጀት ይሄ ይመስለኛል፦ አንዱ ከሚኒስትሮች ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው «ይህ በቴክኒክ አይሠራም» የማለት መብት አለው፤ አንዱ ሌላውን አያልፈውም። ብዙ ቦታ የሚታየው ግን ወይ የበጀት ስብሰባ ላይ የማይጠራ ኢንጂነር ነው፣ ወይ ሻጭ ያቀረበለትን ስላይድ እንዳለ የሚቀበል አስተዳዳሪ።

አንድ በር

ማርቲን ሲደርሱ የብሪታንያ የሳይበር ኃላፊነት ተበታትኖ ነበር። የመንግሥትን መገናኛ የሚጠብቀው ሲኢኤስጂ የጂሲኤችኪው አካል ነው፤ ለአደጋ ጊዜ ምላሽ በ2014 የተቋቋመው ሰርት ዩኬ ለብቻው ነው፤ የመሠረተ ልማት ጥበቃው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትንተናውም እንደዚሁ። ጥቃት የደረሰበት ድርጅት ለማን እንደሚደውል አያውቅም። ሁሉም ምክር ይሰጣል፤ ምክሩም አልፎ አልፎ እርስ በርሱ ይጋጫል።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የአራቱን የሳይበር ሥራ አንድ ማድረግ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ኖቬምበር 2015 ይፋ አደረጉት፤ ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ማዕከል ኦክቶበር 2016 ሥራ ጀመረ፤ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2017 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው ከፈቱት። ማርቲን የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ማዕከሉ የጂሲኤችኪው አካል ሆኖ ቀረ፤ የስለላው እውቀት ያስፈልገዋልና። መቀመጫው ግን ጂሲኤችኪው ካለበት ከቼልተንሃም ርቆ፣ ለንደን ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ኩባንያዎችና ጋዜጠኞች ገብተው የሚወጡበት ሕንጻ ሆነ። ለስለላ ድርጅት ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካንና የብሪታንያን የስለላ ምስጢር ካወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሕዝቡ ጂሲኤችኪውን በጥርጣሬ ያይ ነበር።

ሌላው ብልህነት ሥልጣንን አለመሰብሰብ ነው። ማዕከሉ አይቀጣም። የግል መረጃ ያስመለጠን ድርጅት የሚቀጣው ራሱን የቻለ የመረጃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ነው። የተጠቃ ድርጅት የሚረዳው አካል ራሱ ቅጣት ጣይ ከሆነ ጥቃቱን ደብቆ ይይዛል፤ ሎጉን (የኮምፒውተሩን የክንውን መዝገብ) ይሰርዛል፤ ጠበቃውን ከኢንጂነሩ በፊት ይጠራል። በመጀመሪያው ዓመት ለማዕከሉ ከ1,100 በላይ ክስተቶች ሪፖርት የተደረጉለት፣ ከነዚህም 590ዎቹ ከባድ ተብለው የተመደቡት አንድም በዚህ መለያየት ምክንያት ይመስለኛል።

ኢሜይሉን በር ላይ ማስቀረት

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ሴፕቴምበር 2016 ማርቲን ዋሽንግተን ላይ ባደረጉት ንግግር አንድ ሙከራ ጠቀሱ፦ በመንግሥት ዶሜን (የኢንተርኔት አድራሻ) ስም የግብር ጉዳይ መስሎ በቀን 58,000 የማጭበርበሪያ ኢሜይል ይላክ ነበር፤ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ ቆመ። የብሪታንያ የግብር መሥሪያ ቤትም በ2016 በስሙ ይላኩ የነበሩ 300 ሚሊዮን የማጭበርበሪያ ኢሜይሎችን መቀነሱን አስታወቀ። መሣሪያው ዲማርክ የሚባል ነጻ ስታንዳርድ ነው። የሚገዛ ሶፍትዌር የለውም፤ በዶሜኑ ዲኤንኤስ (የዶሜን ስሞችን ወደ ሰርቨር አድራሻ የሚመራው የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ የሚጻፍ የአንድ መስመር መመሪያ ነው።

ኢሜይል ሲፈጠር «ከማን» የሚለው መስመር ላይ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ ፖስታ ላይ የላኪ አድራሻ እንደመጻፍ ነው። ይህን የሚያርሙት ሦስት ነገሮች ተደጋግፈው ነው። ኤስፒኤፍ በዚህ ዶሜን ስም መላክ የሚችሉ ሰርቨሮችን ዝርዝር ያወጣል። ዲኪም እያንዳንዱን መልእክት በዲጂታል ፊርማ ያትማል። ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም ከ«ከማን» መስመር ጋር ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይነግራል፤ ሦስት ደረጃ አለው፦ ነን (አሳልፍ፣ ግን ሪፖርት አድርግልኝ)፣ ኳራንቲን (ወደ ስፓም ጣል)፣ ሪጀክት (አትቀበል)።

የሚጀመረው ኢሜይል ከማይልኩት ዶሜኖች ነው። ማንኛውም መሥሪያ ቤት ለአንድ ዘመቻ ተመዝግቦ የተረሳ፣ ለድሮ ፕሮጀክት የተከፈተ ዶሜን አለው። ለነዚህ «ማንም በዚህ ስም አይልክም» የሚል ኤስፒኤፍና በቀጥታ ሪጀክት የሚል ዲማርክ ማስቀመጥ ነው። የሚበላሽ ነገር የለም፤ በአንድ ቀን ያልቃል። አጭበርባሪ የሚወደውም እንዲህ ያለ ጠባቂ የሌለው ዶሜን ነው።

ከዚያ ዋናው ዶሜን። በአንድ ዶሜን ላይ አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሁለት ከተገኘ ተቀባዩ ሁለቱንም ስህተት ብሎ ይጥላል። መዝገቡ ሲነበብም ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ማስነሳት አይችልም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚወድቁት፦ የደመወዝ ሶፍትዌር ሻጩ «የእኛን ጨምሩ» ይላል፣ የዜና መጽሔት አገልግሎቱ «የእኛንም» ይላል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ በውስጡ ሌሎች ሦስት አራት ይዞ ይመጣል፤ 11ኛው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ያኔ አንዳንዱ ኢሜይል ይደርሳል፣ አንዳንዱ አይደርስም፤ ምክንያቱን ማንም አያገኘውም።

ለዲኪም 2048 ቢት ቁልፍ ተጠቀሙ። ይህ ቁልፍ ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ በዲኤንኤስ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚገባው፤ አንዳንድ የዶሜን አስተዳደር ገጾች ይህን በራሳቸው አይሠሩትም፤ ቁልፉ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ይቀመጥና ፊርማው ሁሉ ውድቅ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ላኪ ሥርዓት የየራሱን መለያ መስጠትም ይገባል፤ ከአንዱ ሻጭ ጋር ውል ሲቋረጥ የሱን ቁልፍ ብቻ ለማንሳት።

ዲማርክን መጀመሪያ በነን አስቀምጡት፤ ሪፖርት የሚደርስበትን የኢሜይል አድራሻም ጻፉበት። ሪፖርቱ በየቀኑ በኤክስኤምኤል ይመጣል፤ በእጅ ሊነበብ አይችልም፣ የሚፈታው ፕሮግራም ያስፈልጋል። የሪፖርት አድራሻው በሌላ ዶሜን ላይ ከሆነ ያ ዶሜን ራሱ የፈቃድ መዝገብ ማውጣት አለበት፤ ካላወጣ ሪፖርት አይመጣም፤ ሰዎችም «ችግር የለም ማለት ነው» ብለው ይደመድማሉ። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ካነሰ በወር አንዴ የሚላከው የደመወዝ መግለጫ ወይም የወር መጨረሻ ሪፖርት ሳይታይ ያልፋልና ሪጀክት በተደረገ ማግስት ሂሳብ ክፍሉ ይጮኻል። ሁሉም ሕጋዊ ላኪ ሲገጥም ወደ ኳራንቲን፣ ከዚያ ወደ ሪጀክት። ብዙ መሥሪያ ቤት ነን ላይ ቆሞ ለዓመታት ይቀራል፤ ነን ማንንም አያግድም። በሌላ አድራሻ በኩል የሚተላለፍ ኢሜይል ኤስፒኤፉን ያጣል፤ ዲኪም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሊኖሩ ይገባል።

ብሪታንያ ይህን ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አልተወችውም። ለጎቭ ዶት ዩኬ ዶሜኖች መስፈርት አደረገችው፤ ማዕከሉም ሪፖርቱን የሚያነብላቸው ሜይል ቼክ የሚባል ነጻ አገልግሎት ሰጣቸው። ዲማርክ የማያስቆመውም አለ፤ ያን ሳይናገሩ ማለፍ ሰውን ማታለል ነው። በአንድ ፊደል የሚለይ ተመሳሳይ ዶሜን ተመዝግቦ ቢላክ ዲማርክ አያየውም። ስለዚህ ማዕከሉ ጎን ለጎን የማውረድ ሥራ ጀመረ፦ በመንግሥት ስም የተከፈተ የማጭበርበሪያ ገጽ ሲገኝ ለአስተናጋጁ ኩባንያ አሳውቆ ማስነሳት። ፌብሩዋሪ 2018 የወጣው የሌቪ ሪፖርት እንዲህ ያለ ገጽ ኦንላይን የሚቆይበት ጊዜ ከ42 ሰዓት ወደ 10 ሰዓት መውረዱን፣ ከዓለም የፊሺንግ (የማጭበርበሪያ) ገጾች በብሪታንያ የሚስተናገደው ድርሻም ከ5.3 በመቶ ወደ 3.1 በመቶ መቀነሱን አሳየ። እኔ ከሁሉ በላይ የማከብረው ይህን ነው። «ግንዛቤ ጨመረ» አላሉም፤ ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ ጻፉ።

ለኢትዮጵያ የሚሆነው ነገር እዚሁ ላይ ነው። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም.፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ጥቅምት ሲደርስ የሳይበር ደህንነት ወር ይከበራል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያ ላይ የጂሜይል አድራሻ የሚያወጣ፣ ደብዳቤውን በቴሌግራም የሚልክ የመንግሥት ቢሮ ብዙ ነው። በጂሜይል የሚሠራን ቢሮ ዲማርክ ሊጠብቀው አይችልም፤ ዶሜኑ የእሱ አይደለምና ማንም ተመሳሳይ አድራሻ ከፍቶ ራሱን ቢሮው ነኝ ማለት ይችላል። ተገልጋዩም እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ምልክት የለውም። የመጀመሪያው እርምጃ ይፋዊ ደብዳቤን ወደ ጎቭ ዶት ኢቲ ማምጣት ነው፤ ከዚያ ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሰው ጉልበት እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። በጥቅምት ወር ከሚሰቀለው ባነር ይልቅ ከመንግሥት ዶሜኖች ስንቱ ሪጀክት ላይ እንደደረሰ የሚገልጽ አንድ ሠንጠረዥ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ከኢሜይሉ ጋር አብሮ የሄደው የተጠበቀ ዲኤንኤስ ነው። ከ2017 ጀምሮ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዲኤንኤስ ጥያቄያቸውን ማዕከሉ ባዘጋጀውና ያኔ የብሪታንያ ዶሜኖች መዝጋቢ ድርጅት ኖሚኔት ያስተዳድረው በነበረው አገልግሎት በኩል እንዲያሳልፉ ተደረገ፤ የታወቀ ተንኮለኛ ዶሜን ከተጠየቀ መልስ አያገኝም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ ጥያቄ የሚያስተላልፍበትን አድራሻ መቀየር። የሚበላሸው ደግሞ ፋየርዎሉ ሳይነካ ሲቀር ነው። አንድ ቴክኒሻን ድሮ 8.8.8.8 (የጎግል ዲኤንኤስ አድራሻ) ብሎ የሞላው ፕሪንተር ወይም ካሜራ ጥበቃውን አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ከውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨሩ በስተቀር ማንኛውም መሣሪያ የዲኤንኤስ ጥያቄ በሚሄድበት በር፣ በፖርት 53፣ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መዝጋት፣ ብራውዘሮችም የራሳቸውን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ እንዳይጠቀሙ በፖሊሲ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ዋናክራይ

ሜይ 12 ቀን 2017፣ ዓርብ ዕለት፣ ማዕከሉ ከተመረቀ ሦስት ወር ሳይሞላው የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ተመታ። ዋናክራይ፣ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ፣ በራሱ የሚዛመት «ትል»፣ የተጠቀመው በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል፣ በኤስኤምቢ የመጀመሪያ ስሪት ውስጥ የነበረ ክፍተትን ነው። በፖርት 445 ከማሽን ወደ ማሽን በራሱ ይዛመታል፤ ሊንክ የሚጫን ሰው አያስፈልገውም። «ሠራተኛው ተጠንቅቆ ቢሆን» የሚባልበት ጥቃት አልነበረም።

ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ማርች 14 አውጥቶ ነበር፤ ከጥቃቱ 59 ቀን በፊት። የጤናው ዲጂታል መሥሪያ ቤትም ማርች 17 እና ኤፕሪል 28 «ጫኑ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ልኳል። የብሪታንያ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳጣራው በእንግሊዝ ከ236 የሆስፒታል ትረስቶች (ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩ የጤና አገልግሎቱ ድርጅቶች) ቢያንስ 80ዎቹ ተነኩ፤ 595 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ተያዙ፤ 6,912 ቀጠሮ መሰረዙ ተመዘገበ፣ በግምት ደግሞ ከ19,000 በላይ። ከጥቃቱ በፊት የጤናው ዲጂታል መሥሪያ ቤት 88 ትረስቶች ዘንድ በቦታው ተገኝቶ ደህንነታቸውን ፈትሾ ነበር፤ አንዱም አላለፈም። ያን ሰሞን ሁሉም ጥፋቱን በአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ቢጭንም አብዛኞቹ የተያዙት ማሽኖች ዊንዶውስ 7 ነበሩ፤ መድፈኛው ለነሱ ተዘጋጅቶ፣ ሳይጫን የተቀመጠ።

አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ታስተምራለች። ትሉ ማሽን ሲይዝ መጀመሪያ ትርጉም የለሽ ረጅም ዶሜን ይፈልጋል፤ ካገኘው ሥራውን ያቆማል። አንድ ወጣት ተመራማሪ ያን ዶሜን በስሙ ሲመዘግበው ስርጭቱ ተገታ። ነገር ግን አንዳንድ የአይቲ ክፍሎች «ይህ የቫይረሱ ዶሜን ነው» ብለው ፋየርዎላቸው ላይ ዘጉት፤ እንዲህ ሲያደርጉ መከላከያውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። በፕሮክሲ (በመሃል አስተላላፊ ሰርቨር) በኩል ብቻ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡ ኔትወርኮችም አልተጠቀሙበትም፤ ትሉ ፕሮክሲ አያውቅምና ዶሜኑ ላይ አይደርስም። ማዕከሉ በዚያ ቅዳሜና እሑድ ካወጣቸው ምክሮች አንዱ ያ ዶሜን እንዳይዘጋ የሚል ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር በሰዓታት ውስጥ፣ በግልጽ ቋንቋ፣ ለሁሉም የሚነግር አንድ የታመነ አካል መኖሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው ያኔ ነው።

ብሪታንያ ከ2014 ጀምሮ ሳይበር ኢሴንሻልስ በሚባለው የምስክር ወረቀቷ አምስት ነገር ትጠይቃለች፦ ፋየርዎል፣ አስተማማኝ አወቃቀር፣ የተጠቃሚ ፈቃድ ቁጥጥር፣ የማልዌር (የተንኮል ሶፍትዌር) መከላከያና ማሻሻያ መጫን። ለከባድ ክፍተት የወጣ ማሻሻያ በ14 ቀን ውስጥ መጫን አለበት። 14 ቀን ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የማሽኖች ዝርዝር ለሌለው መሥሪያ ቤት አንድ ዓመትም አይበቃውም። ዝርዝሩ ካለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ማሽኖች ላይ ይሞከራል፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሚበዛው ላይ ይጫናል፣ የቀረው ሳምንት ለጠፉና ለእረፍት ለወጡ ላፕቶፖች ነው። ማሻሻያ ሊጫንበት የማይችል መሣሪያ ሁሌም ይኖራል፤ ሆስፒታል ውስጥ በውስጡ ዊንዶውስ ያለው የኤምአርአይ ማሽን አምራቹ ካልፈቀደ አይነካም። እሱን ለብቻው ኔትወርክ ላይ ማድረግ፣ ፖርት 445ን ደግሞ በተጠቃሚ ኮምፒውተሮች መካከል ጨርሶ መዝጋት ነው። ሠራተኞች ከፋይል ሰርቨሩ ጋር እንጂ እርስ በርስ በዚህ ፖርት የሚገናኙበት ምክንያት የለም።

ቋንቋው

በ2017 መጀመሪያ ሌቪ አንድ ጉባኤ ላይ የደህንነት ሻጮች ሥራ የመካከለኛው ዘመን ጥንቆላን እንደሚመስል ተናግረው ብዙ ሰው አስቆጡ፦ ሊቋቋሙት የማይቻል ጠላት አለ ይሉና ክታቡን ይሸጣሉ። ማርቲንም ከቃላት ማጋነን ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር። ጃንዋሪ 2018 ላይ ከፍተኛው ደረጃ፣ ምድብ አንድ የሚባለው ጥቃት በብሪታንያ ላይ መድረሱ የጊዜ ጉዳይ መሆኑን ሲናገሩ እንኳ ምድቡ ምን ማለት እንደሆነ የተጻፈ ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ክስተቶችን በስድስት ደረጃ የሚለይ መለኪያ ወጣ፤ ፖሊስም ማዕከሉም በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ።

የይለፍ ቃሉ ምክርም ከዚሁ መንፈስ የመጣ ነው። በየ30 ወይም 90 ቀኑ ቀይሩ ማለት እንዲቀር መከሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተገደደ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይቀይራል፣ ወይ ወረቀት ላይ ጽፎ ኪቦርዱ ሥር ያስቀምጣል። በምትኩ ሦስት የማይገናኙ ቃላት ማጣመርን፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ መጠቀምንና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አስቀደሙ። ኤፕሪል 2019 ማዕከሉ ከተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ባወጣው ትንተና 123456 ከ23 ሚሊዮን በላይ መለያዎች ላይ ተገኝቷል። የሥርዓት አስተዳዳሪው እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከምዝገባው ጀምሮ ቢያግደው የተጠቃሚው ጥንቃቄ ላይ መንጠልጠል አይኖርም።

የቻይናው የቴሌኮም ኩባንያ የሁዋዌ ጉዳይ በማርቲን የሥራ ዘመን ውስጥ ከባዱ ፖለቲካ ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። ጃንዋሪ 2020 መንግሥት በማዕከሉ ቴክኒካዊ ምክር ላይ ተመሥርቶ የኩባንያውን ድርሻ በ5ጂ ኔትወርክ ጠርዝ ላይ እስከ 35 በመቶ ገደበው። ሜይ ላይ አሜሪካ በቺፕ አቅርቦት ላይ አዲስ ማዕቀብ ጣለች፤ ጁላይ ላይ እስከ 2027 ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ተወሰነ። ምክሩ የተለወጠው የቺፑ ምንጭ ስለተለወጠ ነው፤ ማዕከሉም ምክንያቱን በጽሑፍ አወጣ። የቴክኒክ ኃላፊ ምክሩን ሲቀይር ከየትኛው ማስረጃ ተነስቶ እንደቀየረ ማሳየት አለበት፤ ያን ካላደረገ ነገ ማንም አይሰማውም።

በኮሮናው ወራት፣ ኤፕሪል 2020፣ ማንም ሰው የተጠራጠረውን ኢሜይል የሚያስተላልፍበት አንድ አድራሻ ተከፈተ፤ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥቆማ ደረሰው። እዚህም ሠራተኛውና ዜጋው የሚወቀስ ሳይሆን የሚጠቁም ሆነ። ማርቲን ኦገስት ላይ ለቀቁ፤ ሊንዲ ካሜሮን ተተኩ፤ ማርቲን ወደ ኦክስፎርድ የብላቫትኒክ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

ከሥልጣን ከወጡ በኋላ አጥብቀው የያዙት የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሶፍትዌር) ቤዛን ነው፤ መክፈል በሕግ እንዲከለከል ይሟገታሉ። የከፈለ ሁሉ ቀጣዩን ጥቃት ይደጉማል የሚለው መከራከሪያ ጠንካራ ነው። ጁላይ 2025 የብሪታንያ መንግሥት የሕዝብ ተቋማትና የወሳኝ መሠረተ ልማት አስተዳዳሪዎች ቤዛ እንዳይከፍሉ እንደሚከለክል አስታውቋል። እኔም እደግፈዋለሁ፤ ክልከላው የሚሠራው ግን መጠባበቂያ ቅጂው ላለው ብቻ ነው። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ፣ አንዱ ከኔትወርኩ የተነቀለ። አጥቂዎች ዛሬ መጀመሪያ የሚፈልጉት የባክአፕ ሰርቨሩን ነው፤ እሱ ደግሞ በዋናው የአስተዳዳሪ መለያ የሚከፈት ከሆነ ከሌላው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ስለዚህ መለያው ለብቻው ይሁን። ቅጂው መኖሩም አይበቃም፤ በየሦስት ወሩ አንድ ሙሉ ሥርዓት፣ ለምሳሌ የደመወዙን ወይም የታካሚ ካርዱን፣ በባዶ ማሽን ላይ መልሶ ማስነሳትና ስንት ሰዓት እንደወሰደ መጻፍ ያስፈልጋል። ያ የሰዓት ቁጥር የበጀት ጥያቄው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይግባ።